በብዙኃን መካከል መሰወርና የጥቃት ባሕርይ

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር በቡራዩና አካባቢው በርካታ ወገኖች በግፍ ተገድለዋል፤ ከእነርሱም መካከል የጋሞ ተወላጆች ይገኙበታል። መርዶው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ የተቆጡ ወጣቶች በከተማዋ ባሉ የኦሮሞ ተወላጆችና ንብረት ላይ ለመበቀል ተነሡ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ።

ይህ ታሪክ በቁጣ በተሰበሰበ ሕዝብ ውስጥ የግለሰብ ማንነት ምን እንደሚሆን ለመረዳት ያግዛል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለቦን እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ከብዙኃን ጋር ሲቀላቀል ማስተዋሉን አጥቶ በስሜት እንደሚነዳ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ፣ ግለሰቡ በቡድን ውስጥ ተለይቶ በማይታይበት ጊዜ ራሱን የሚገታበት ልጓም እንደሚላላ አመለከቱ።

ይሁን እንጂ መሰወር ብቻውን ሰውን ጨካኝ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆንሰንና ዳውኒንግ ባደረጉት ሙከራ ተሳታፊዎች በሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ንዝረት መጠን እንዲወስኑ ተጠየቁ፤ ንዝረቱ ግን በእውነት አልተሰጠም። የነርስ ልብስ የለበሱት፣ ማንነታቸው በተሰወረ ጊዜ፣ ይበልጥ ርኅሩኆች ሆነው ተገኙ። የኩ ክሉክስ ክላንን ቀሚስ የሚመስል ልብስ የለበሱት ግን ወደ ጭካኔ አዘነበሉ። ከዚህ የምንረዳው የግል ማንነት ሲደበዝዝ የቡድኑ ማንነት እንደሚጎላ ነው። ቡድኑ የሚያከብረው ሥርዓት በቀል ከሆነ ሰው ወደ በቀል፣ ርኅራኄ ከሆነ ወደ ርኅራኄ ያዘነብላል።

የጋሞ አባቶች ተግባርም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይችላል። ወጣቶቹ «ጋሞነታችሁን ተዉ» አልተባሉም፤ ይልቁንም ጋሞነት የሚጠይቀው ሥርዓት ተነገራቸው። ሽማግሌን ማክበር፣ የሰላምና የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር አለመርገጥ የዚያ ሥርዓት አካል ነው። በተጨማሪም አባቱ ተንበርክኮ ፊት ለፊት የሚያየው ወጣት ራሱን ከሕዝብ መካከል ሊሰውር አይችልም። ጉዳይ በሽማግሌዎችና በማኅበረሰቡ ፊት በግልጽ የሚታይበት የጋሞ ዱቡሻም ይህንኑ ተጠያቂነት ያጸናል።

ስለሆነም በካምባም ሆነ በአርባ ምንጭ ወይም በሌላ ስፍራ ቁጣ በተቀሰቀሰ ጊዜ ወላጆች፣ መምህራንና የሃይማኖት አባቶች የሚያውቋቸውን ወጣቶች በስማቸው ሊጠሯቸው፣ የማኅበረሰቡንም ሥርዓት ሊያስታውሷቸው ይገባል። እያንዳንዱ ወጣትም ድንጋይ ከማንሣቱ አስቀድሞ «ብቻዬን ብሆን፣ ስሜም ቢጠራ፣ ይህን አደርገው ነበርን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።