ከትንሹ ጐተራ ወደ ትልቁ ጐተራ



«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ያገራችን ተረት ለእህል ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ለፎቶግራፍና ለድምፅም የሚሠራ መሆኑን ከራሴ ጥፋት ተማርሁ። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ የቤታችንን የፋይል ማከማቻ ወደ ሰፊው ለማዛወር ያወጣሁትን ዕቅድ ከነምክንያቱ በተቻለኝ መጠን እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። በቤታችን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የጫማ ካርቶን የሚያክል አንድ ሣጥን አለ፤ በውስጡም ሁለት ሃርድ ዲስኮች ይገኛሉ። ሣጥኑ ከዋይፋዩ መሣሪያ ጋር በገመድ ስለ ተያያዘ፥ በቤት ውስጥ ያለው ስልክና ኮምፒዩተር ሁሉ ፎቶግራፉንና ቪዲዮውን እዚያ ያስቀምጣል፤ ሲያስፈልግም ከዚያው ያወጣል። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እርሱ ሥራውን አያቋርጥም፤ በየወሩም ኪራይ አይጠይቅም። ባለሙያዎች «ናስ» ይሉታል። እናቴ ግን «ጐተራው» ይሉታል፤ እኔም ይህን ስም መርጫለሁ።

የሰው ልጅ በዚህ ረገድ ሩቅ መንገድ ተጕዟል። እ.ኤ.አ. በ1956 አይ.ቢ.ኤም. ያወጣው የመጀመሪያው የዲስክ ማከማቻ 50 ዲስኮች ነበሩት፤ ክብደቱም አንድ ቶን ያህል ነበር። ይይዝ የነበረው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ያን ሁሉ ሊሞላው ይችላል። ጐተራዎቻችን የሚሞሉትም ስለዚሁ ነው።

የእኛን ጐተራ አባቴ የገዙት ከሰባት ዓመት በፊት ነው። እያንዳንዱ ዲስክ 2 ቴራባይት ይይዛል፤ ነገር ግን አንዱ ዲስክ የሌላውን ግልባጭ ስለሚይዝ ለእኛ የሚተርፈን ቦታ 2 ቴራባይት ብቻ ነው። ይህ አሠራር «ሬይድ 1» ይባላል፤ መስተዋት ብንለውም ያስኬዳል።

ባለፈው ታኅሣሥ ጐተራው ሊሞላ ስለ ተቃረበ፥ ቦታ ለማስለቀቅ ተነሣሁ። ሁለት ጊዜ የተቀመጡ የመሰሉኝን ፋይሎች አጠፋሁ፤ ቦታው ቶሎ እንዲገኝ ብዬ የተጣሉት ፋይሎች የሚቆዩበትንም ክፍል ባዶ አደረግሁ። ካጠፋኋቸው መካከል የአያቴ ድምፅ ነበረበት። አያቴ ከማረፋቸው በፊት ስለ ሕይወታቸው የነገሩንን በሦስት ክፍል ቀድተን ነበር። ስሕተቴን ባወቅሁ ጊዜ ብዙ አልደነገጥሁም፤ «በሁለተኛው ዲስክ ላይ አለ» ብዬ ነበርና። ሆኖም ሰው ከመስተዋት ፊት ዘወር ሲል ምስሉም አብሮት እንደሚሄድ፥ ከአንዱ ዲስክ የጠፋው ከሁለተኛውም በዚያው ቅጽበት ጠፍቶ ኖሯል። ሁለቱን ክፍሎች አባቴ ቀደም ሲል ለአጎቴ በቴሌግራም ልከውላቸው ስለ ነበር ተገኙ። ሦስተኛው፥ አያቴ የሠርጋቸውን ቀን የተረኩበት፥ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እናቴ በአባታቸው ድምፅ መጥፋት አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ዝምታቸው ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ከዚህ የተረዳሁት ይህ ነው፤ መስተዋቱ የሚጠቅመን አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ነው። ከሰው ስሕተት፥ ከሌባና ከእሳት ግን አያድነንም። እንግዲህ አዲሱን ሣጥን ስናስብ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን መጠባበቂያውንም ማሰብ ግድ ሆነብን።

የዕቅዴ መጀመሪያ መለካት ነው። ሻጭ 1 ቴራባይትን በሺህ በሺህ ሲቈጥር፥ ብዙ ኮምፒዩተሮች በ1,024 ይቈጥራሉ። ስለዚህ ባለ 2 የተባለው ዲስክ 1.8 ያህል ሆኖ ይታያል። ከዚህም ውስጥ 1.7ቱ ተይዟል። በየዓመቱ 0.3 ያህል ስለምንጨምር ከአምስት ዓመት በኋላ 3.2 እንደርሳለን። ባለ 4 ዲስክ ሲታይ 3.6 ነው፤ አምስተኛውን እጅ ባዶ ብንተውለት አይበቃንም። ባለ 6 ግን 5.4 ያህል ስለሚሆን ይበቃል።

ሁለተኛው ምርጫ ነው። አራት ዲስክ የሚይዝ ሣጥን እንዲገዛ ከአባቴ ጋር ተስማምተናል። ባለ 4 ዲስኮችን ሦስት አድርገን «ሬይድ 5» በሚባለው አሠራር ብናስገባ፥ የአንዱ ያህል ቦታ ለጥበቃ ይውልና 8 ቴራባይት ይተርፈናል። ሁለት ባለ 6 ዲስኮችን በመስተዋት ብናደርግ ግን 6 ይሆንልናል፤ ሁለት ቦታም ለወደፊቱ ይቀራል። እኛ ይህን መረጥን። ለሦስተኛው ዲስክ ይወጣ የነበረውን ገንዘብ ለባለ 4 ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አዋልነው፤ እርሱም አዳማ በሚኖሩት አክስቴ ቤት የሚቀመጥ መጠባበቂያ ይሆናል።

ሦስተኛው ማዛወሩ ነው። አንዳንድ ሰው «ዲስኮቹን ነቅለህ በአዲሱ ሣጥን ሰካቸው» ይለኛል። ይህ በአንድ ፋብሪካ ሣጥኖች መካከል አንዳንድ ጊዜ ይሆናል፤ ፋብሪካው ሲለያይ ግን አዲሱ ሣጥን ዲስኩን አጥፍቶ እንደ ገና ሊያዘጋጀው ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ሳልነካ ፋይሉን በኔትወርክ እገለብጣለሁ። በዚህም የገመዱ ፍጥነት ታላቅ ነገር ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፈው የዋይፋያችን መሣሪያ በኩል ቢሄድ 45 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 1,000 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ስዊች ቢሆን ግን 5 ሰዓት ያህል ነው፤ ጥቃቅን ፋይሎች ሲበዙ ጥቂት ይጨምራል። መብራት ቢጠፋ ሣጥኖቹ በድንገት እንዳይዘጉ ሁለቱንም በዩፒኤስ እሰካለሁ። የምገለብጥበትም ፕሮግራም «አርሲንክ» ነው፤ ሥራው ቢቋረጥ እንደ ገና ሲጀምር የተገለበጡትን ፋይሎች አልፎ የቀሩትን ይቀጥላልና።

አራተኛው፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ማረጋገጥ ነው። ኮምፒዩተር ከእያንዳንዱ ፋይል «ሻ 256» በሚባል ስሌት 64 ምልክቶች ያሉት ማኅተም ያወጣል። የአሮጌውና የአዲሱ ፋይል ማኅተም አንድ ከሆነ ግልባጩ ትክክል ነው፤ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ ማኅተሙ ይለያያል። ይህ ተጣርቶ ሲያልቅ ውጫዊው ዲስክ ተሞልቶ ወደ አዳማ ይሄዳል። አሮጌው ሣጥን ደግሞ ምንም ሳይጠፋበት አንድ ወር ሙሉ ይቆያል።

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው አንድ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ ይኑርህ፥ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፥ አንዱም ከቤት ውጭ ይሁን ይላል። አባቶቻችን ግን «አንድ ዓይን ያለው ባፈር አይጫወትም» ብለው ነገሩን አስቀድመው ጨርሰውታል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ በሐምሌ፥ ሥራውን እጀምራለሁ። በመጀመሪያ የምገለብጠው የአያቴን ሁለት የድምፅ ክፍሎች ነው። እናንተም የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ የወላጆቻችሁ ድምፅና ፎቶግራፍ በአንድ ስልክ ብቻ ያለ እንደ ሆነ፥ ሰፊ ጐተራ እስክትገዙ አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ አንድ ግልባጭ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። እኔ አንድ ቀን ዘግይቼ የሠርጉን ታሪክ አጥቻለሁ።