ኮር አይ 3 ወይስ ሴሌሮን? ለተማሪ ልጅ ላፕቶፕ ከመግዛታችን በፊት

የዕቁብ ብር ደርሶ ወይም ከጡረታ ላይ ተቆጥቦ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ላፕቶፕ ይገዛ ሲባል፣ የአብዛኞቻችን አቅም የሚደርሰው ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው። እዚያ ሁለት ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ይቀመጣል። አንደኛው «ስላሽ» የሚባለው፣ ያገለገለ፣ ወፈር ያለ፣ «ኮር አይ 3» የሚል ምልክት የተለጠፈበት ነው። ሌላው ቀጠን ያለ፣ አዲስ የሚመስል፣ «ሴሌሮን» የተባለው ነው። ሻጩ ስለ አንዱ «አይ 3 ነው፣ ጠንካራ ነው» ይላል፤ ስለ ሌላው ደግሞ «አዲስ ነው፣ ባትሪው ይቆያል» ይላል። ሁለቱም አባባል ግማሽ እውነት አለው። ብራችን የሚጠፋው በቀረው ግማሽ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር መሐንዲስ አይደለሁም። ሆኖም የሕክምና ሥራ አንድ ነገር ያስለምዳል፤ በሽተኛን በአንድ ምልክት ብቻ አለመመዘንን። ሙቀቱ፣ የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱ አብረው ይታያሉ። ኮምፒውተርንም እንዲሁ ማየት ይቻላል። ለምሳሌ እንዲሆነን የኢንቴል ኩባንያ የሠራቸውን ሁለት የቆዩ ርካሽ ፕሮሰሰሮች እንውሰድ፤ ኮር አይ 3 5005 ዩ እና ሴሌሮን ኤን 4020።

ስሙና ቁጥሩ

ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አንጎል ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የፕሮሰሰርን ስም የሚያወጣው ግን ነጋዴ ነው። አይ 3 የሚለው ስም ለብዙ ትውልድ ሲያገለግል ኖሯል። 5005 የሚለው ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለው 5 አምስተኛው ትውልድ መሆኑን ይነግረናል። ይህ ፕሮሰሰር በፈረንጆች 2015 የወጣ ነው። ሴሌሮን ኤን 4020 ደግሞ በ2019 መጨረሻ ወጣ። ስለዚህ በስሙ «ትልቅ» የሆነው በዕድሜ ከአራት ዓመት በላይ ይበልጣል።

ሁለቱም ሁለት ኮር አላቸው። ኮር ማለት በአንድ ማዕድ ቤት ውስጥ እንዳለ ወጥ ሠሪ ነው። የአይ 3ቱ ወጥ ሠሪዎች ግን እያንዳንዳቸው ሁለት ድስት እያፈራረቁ ማማሰል ይችላሉ፤ የሴሌሮኑ አንድ አንድ ድስት ብቻ ይይዛሉ። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲከፈት አይ 3ቱ የተሻለ የሚቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጥነት እንደ ልብ ምት

ቀጥሎ የሚነገረን ቁጥር ጊጋኸርዝ ነው። አይ 3ቱ በ2.0 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ አይወጣም። ሴሌሮኑ መነሻው 1.1 ሆኖ ለአጭር ጊዜ እስከ 2.8 ይደርሳል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሴሌሮኑ በጣም ይበልጣል ብሎ ሊደመድም ይችላል።

የልብ ምትን እናስታውስ። የሯጭ ልብ በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ቢመታም በእያንዳንዱ ምት ብዙ ደም ይገፋል። አይ 3ቱም በእያንዳንዱ ምት የሚሠራው ሥራ ይበዛል፤ የሴሌሮኑ ምት ፈጠን ቢልም የሚሠራው ያንሳል። በዚህ ምክንያት አንድ ጽሑፍ መክፈትና መጻፍን በመሰለ ነጠላ ሥራ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ልጁ የቪዲዮ ትምህርት እየተከታተለ፣ አምስት ስድስት ገጽ ከፍቶ፣ ማስታወሻም የሚጽፍ ከሆነ አይ 3ቱ ይረጋጋል።

ሴሌሮኑም የራሱ ብልጫ አለው። የሚያመነጨው ሙቀት የተሠላው በ6 ዋት ሲሆን የአይ 3ቱ 15 ዋት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ የሴሌሮን ላፕቶፖች ማራገቢያ እንኳ የላቸውም፤ ድምፅ አያሰሙም፣ ጭን አያቃጥሉም፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ቆየት ይላሉ። ዩቲዩብ የሚጠቀምበትን ዓይነት ቪዲዮ በቀላሉ የሚፈታ ክፍልም በውስጡ ተሠርቶለታል።

ዋናው ነገር ሌላ ቦታ ነው

እስካሁን ያየነው ልዩነት ያን ያህል አይደለም። ዕቃው ዋጋ ይኑረው አይኑረው የሚወስነው በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያለው ነው። በተለይ ሦስት ነገሮች፦

አንደኛ፣ ራም። ብዙ ርካሽ የሴሌሮን ላፕቶፖች 4 ጊጋባይት ራም ብቻ አላቸው፤ እሱም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ መጨመር አይቻልም። በብዙ የአይ 3 ላፕቶፖች ግን ራሙን ከፍቶ ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ማከማቻው። ርካሹ ሴሌሮን ብዙ ጊዜ 64 ጊጋባይት ብቻ ይዞ ይመጣል። ዊንዶውስ 11 ራሱ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ስለሆነ፣ ለልጁ ፋይል የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። የድሮው አይ 3 ደግሞ በአብዛኛው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አለው፤ ሲከፈት ቡና ተፈልቶ ይደርሳል። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ግን ኮምፒውተሩን ነፍስ ያዘራበታል። ፕሮሰሰሩን ከማማረጥ ይልቅ ይህ ለውጥ ይበልጥ ይታያል።

ሦስተኛ፣ የዊንዶውስ ጉዳይ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የደህንነት ማሻሻያ ለኮምፒውተር እንደ ክትባት ነው፤ የተቋረጠበት ዕቃ ዛሬ ባይታመም ነገ ይጋለጣል። ኤን 4020 ዊንዶውስ 11ን እንዲሸከም በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ አለ፤ አይ 3 5005 ዩ የለም። ሻጩ በዘዴ ጭኖት ልናገኘው እንችላለን፤ ኩባንያው ግን ለዚያ ኃላፊነት አይወስድም። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ጥሩው መውጫ በነፃ የሚገኘው ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ነው፤ ልጁ ለመልመድ ፈቃደኛ ከሆነ።

የቱን እንግዛ?

ሴሌሮኑ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ካለው፣ ለሚያነብ፣ ለሚጽፍና ቪዲዮ ለሚከታተል ተማሪ እሱን እመርጣለሁ። 4 ጊጋባይቱ ተበይዶ 64 ጊጋባይት ማከማቻ ብቻ ካለው ግን አዲስነቱ አያታልለን፤ መሻሻል የማይችል ዕቃ ነው። በዚያ ፈንታ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ የገባለት አይ 3 ለዕለት ሥራ ይሻላል። አይ 3ቱ በድሮ ሃርድ ዲስኩ የሚሸጥ ከሆነ የኤስኤስዲውን፣ የራሙንና የባትሪውን ዋጋ ደምረን እንከራከር። በ8 የሚጀምር ቁጥር ያለው ስላሽ አይ 3፣ ለምሳሌ 8130 ዩ፣ በተቀራራቢ ዋጋ ከተገኘ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ዊንዶውስ 11ም ይቀበለዋል።

ዋጋን በዓመት አካፍለን እንየው። አንድ ዓመት አገልግሎ የሚጣል ርካሽ ዕቃ፣ በእጥፍ ዋጋ ተገዝቶ አራት ዓመት ከሚያገለግለው ይልቅ ውድ ነው።

ሱቁ ውስጥ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መቆየት ነውር የለውም። ልጁን ይዘን እንሂድ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫን የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙ መጠንና የማከማቻው ዓይነት የሚታይበት ሰሌዳ ይከፈታል። በተለጠፈው ምልክት ሳይሆን እዚያ በሚነበበው እንመን። ቻርጀሩን ነቅለን ቪዲዮ እናስጀምር፤ ባትሪው በ20 ደቂቃ ውስጥ ስንት በመቶ እንደወረደ እናስተውል። ሥሩን በእጃችን ዳስሰን ሙቀቱን እንለካ። እያንዳንዱን ፊደል እንጫን፣ ካሜራውንና ድምፁን እንሞክር። በመጨረሻም ቢበላሽ እስከ ስንት ቀን እንደሚመለስልን ደረሰኙ ላይ እናስጽፍ። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ቢያጋጥመን የሚቀጥለውን በር ማንኳኳት ነው።