ለቤት ድመት ደረቅ ወይስ እርጥብ ምግብ? ባለቤቶች ከመግዛታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በፋብሪካ የተዘጋጀ የድመት ምግብ በአዲስ አበባ በሱፐርማርኬቶችና የእንስሳት ቁሳቁስ በሚሸጡ መደብሮች የሚገኝ ሲሆን፣ ለገበያ የሚቀርበውም በሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በከረጢት የሚሸጠው ደረቅ ምግብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በቆርቆሮ ወይም በአነስተኛ ላስቲክ ታሽጎ የሚቀርበው እርጥብ ምግብ ነው። ሁለቱ በዋጋ፣ በአያያዝና በእንስሳዋ ጤና ላይ በሚያስከትሉት ውጤት የተለያዩ በመሆናቸው፣ ባለቤቶች በማሸጊያው ላይ ባለው ሥዕል ወይም በሻጩ ምክር ብቻ ከመወሰናቸው በፊት መሠረታዊ ልዩነታቸውን ሊያውቁ ይገባል።

ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም

ውሻ ሥጋም እህልም ቀላቅሎ ሊኖር ይችላል። ድመት ግን በተፈጥሮዋ ሥጋ በል እንስሳ ናት። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ማምረት ስለማይችል፣ ከሥጋ፣ ከዓሣና ከመሳሰሉት የእንስሳት ውጤቶች ማግኘት ይኖርባታል። ቫይታሚን ኤንም ቢሆን ሰው ከካሮትና ከጎመን እንደሚያገኘው አድርጋ ከአትክልት ልታገኝ አትችልም።

የታውሪን እጥረት የዓይን ብርሃንን ያሳጣል፤ የልብ ጡንቻንም ያደክማል። ከልብ በሽታው ጋር ያለው ግንኙነት በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ፖል ፒዮንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት በፋብሪካ ምግብ ሲመገቡ የነበሩ ድመቶች ጭምር በዚህ እጥረት ለልብ ሕመም መዳረጋቸው ተረጋግጧል። ከዚያ ወዲህ አምራቾች በምግቡ ውስጥ ያለውን የታውሪን መጠን በማሳደጋቸው በሽታው በእጅጉ ቀንሷል። በመሆኑም ዛሬ በአግባቡ የተዘጋጀ የድመት ምግብ፣ ደረቅም ሆነ እርጥብ፣ ይህን ንጥረ ነገር የያዘ ነው። ለውሻ የተዘጋጀ ምግብ ግን በድመት ፍላጎት ልክ ያልተመጠነ በመሆኑ፣ በዋጋ ስለረከሰ ብቻ ለድመት የዘወትር ቀለብ ሊሆን አይገባም።

ዋናው ልዩነት ውኃ ነው

ደረቅ ምግብ ከክብደቱ ውስጥ ከ6 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ብቻ ውኃ ነው። በእርጥብ ምግብ ውስጥ ያለው ውኃ ግን ከ75 እስከ 82 በመቶ ይደርሳል። ድመት አድና የምትበላት አይጥ ራሷ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋ ውኃ ስላላት፣ በዚህ ረገድ ለተፈጥሯዊው አመጋገብ የሚቀርበው እርጥቡ ነው።

የቤት ድመት የተገኘችው በደረቅ አካባቢ ከሚኖረው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ከዚህ የተነሣ ኩላሊቷ ውኃ ቆጣቢ ነው፤ ሽንቷን አጥብቆ ያወፍራል። የጥም ስሜቷም ደካማ በመሆኑ ደረቅ ምግብ የምትመገብ ድመት ምንም እንኳ ውኃ አዘውትራ ብትጠጣ፣ እርጥብ ምግብ ከምትመገበዋ ጋር ስትነጻጸር በቀን ውስጥ የምታገኘው ጠቅላላ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። 4 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ የተኮላሸችና ከቤት የማትወጣ ድመት በቀን 200 ካሎሪ ገደማ ያስፈልጋታል። ይህንን ከደረቅ ምግብ ለማግኘት ከ50 እስከ 60 ግራም ይበቃታል፤ ከዚያ ውስጥ የምታገኘው ውኃ ግን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያነሰ ነው። ከእርጥብ ምግብ ለማግኘት ደግሞ ወደ 240 ግራም የሚጠጋ መብላት ያለባት ሲሆን፣ ከምግቡ ብቻ ከ180 ሚሊ ሊትር በላይ ውኃ ይገባላታል። ድመት እርጥብ ምግብ ስትመገብ ከውኃ ሳህኗ አጠገብ የማትታየው በዚህ ምክንያት ነውና ባለቤቶች ሊሰጉ አይገባም።

ለወንድ ድመት የተለየ ጥንቃቄ

የውኃ ጉዳይ በወንድ ድመቶች ላይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የወንድ ድመት የሽንት መውጫ ቱቦ ረጅምና ጠባብ በመሆኑ፣ በወፈረ ሽንት ውስጥ የሚፈጠሩ ደቃቅ ጠጠሮችና ዝቃጭ በቀላሉ ሊዘጉት ይችላሉ። ለዚህ ችግር መንስኤው ምግብ ብቻ አይደለም፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የእንቅስቃሴ ማነስና ጭንቀትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም ውኃን መጨመር ከመከላከያ መንገዶቹ ዋነኛው ነው። ስለሆነም ከዚህ ቀደም የሽንት ችግር ለገጠመው ድመት የእንስሳት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ምግብን ይመክራሉ።

መጸዳጃው ላይ ደጋግሞ የሚቀመጥ ነገር ግን ሽንት የማይወጣው፣ እያጓራ የሚያምጥ፣ ብልቱን አዘውትሮ የሚልስ ወንድ ድመት እስከ ነገ ሊቆይ አይገባውም። ብዙ ባለቤቶች ምልክቱን የሆድ ድርቀት ነው ብለው ስለሚወስዱት ዘይት ሲያጠጡ ውድ ሰዓታት ያልፋሉ። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ የሽንት ቱቦ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ኩላሊትን ከሥራ ውጭ አድርጎ፣ የልብ ምትንም አዛብቶ ሊገድል ስለሚችል፣ ድመቱ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ክሊኒክ መወሰድ አለበት።

ደረቅ ምግብ የሚመረጥባቸው ምክንያቶች

ከላይ የተገለጸው ደረቅ ምግብ ጎጂ ነው ማለት አይደለም። ጤነኛ የሆነች፣ በቂ ውኃ የምትጠጣና መጠኑ ተለክቶ የሚሰጣት ድመት በደረቅ ምግብ ረጅም ዕድሜ ልትኖር ትችላለች። ለእያንዳንዱ ካሎሪ የሚወጣው ወጪ ሲሰላ ደረቁ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ዋጋ ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ግን የኪሎውን ዋጋ ከቆርቆሮው ዋጋ ጋር በቀጥታ ሊያስተያይ አይገባም፤ 60 ግራም ደረቅ ምግብ የ240 ግራም እርጥብ ምግብን ያህል ስለሚያጠግብ ማስላት ያለበት የአንድ ቀን ቀለብ ስንት እንደሚፈጅ ነው። በተጨማሪም ደረቁ ሳህን ላይ ለሰዓታት ቢቆይ ስለማይበላሽ፣ ባለቤቱ ለሥራ ወጥቶ ማታ ለሚመለስበት ቤት ይመቻል።

ጉዳቱ የሚመጣው ከልኬት ማጣት ነው። ሳህኑን ሞልቶ የመተው ልማድ፣ በተለይም ለተኮላሹና ከቤት ለማይወጡ ድመቶች፣ ለውፍረትና ከውፍረት ጋር ለሚመጣው የስኳር በሽታ በር ይከፍታል። በየቀኑ 10 ግራም ትርፍ ማለት ለእይታ አንድ እፍኝ እንኳ የማይሞላ ነው፤ ይሁን እንጂ 37 ካሎሪ ገደማ ስለሚሆን የአንዲት ትንሽ ድመትን የዕለት ፍላጎት አንድ አምስተኛ ያህል ይጠጋል። ስለዚህ የኩሽና ሚዛን ያለው ሰው በሚዛን፣ የሌለውም ዘወትር በአንድ የታወቀ ኩባያ ለክቶ መስጠት ይኖርበታል።

ደረቅ ምግብ ጥርስን ያጸዳል የሚለው እምነት በስፋት ቢሰማም፣ መደበኛው ደረቅ ምግብ በጥርስ ጫፍ ወዲያው ስለሚሰበር የማጽዳት አቅሙ አነስተኛ ነው። ይህን ጥቅም የሚሰጡት ለጥርስ ጤና ተብለው በልዩ ሁኔታ የተዘጋጁት ብቻ ናቸው። ብስኩት የሚበላ ሰው ጥርሱን መፋቅ እንደማይቀርለት ሁሉ፣ የድመትም ጥርስ በሐኪም መታየት አለበት።

በአያያዝ ረገድ፣ ደረቅ ምግብ በራሱ ከረጢት ውስጥ እንዳለ አፉ ተጠቅልሎ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ርቆ ሊቀመጥ ይገባል። ከተከፈተ በኋላ በ6 ሳምንት ገደማ ማለቅ ስላለበት፣ አንዲት ድመት ብቻ ያለችው ቤተሰብ ትልቅ ከረጢት መግዛቱ አያዋጣውም። ከተከፈተ ከረጢት በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጥ ምግብ የማብቂያ ቀኑም ሆነ የይዘት መግለጫው ስለማይታወቅ ባይገዛ ይመረጣል። ሽታው የተለወጠ ወይም ሻጋታ የታየበት ምግብ ለዶሮም ቢሆን ሳይሰጥ መወገድ አለበት።

እርጥብ ምግብ በአንጻሩ ቶሎ ይበላሻል። ሳህን ላይ የቀረበው በሞቃት ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ከተከፈተው ቆርቆሮ የተረፈው ተከድኖ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ሊቆይ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ግን አንዴ ተከፍቶ የሚያልቀውን ትንሹን ማሸጊያ መግዛት የተሻለ ነው። በግቢ ውስጥ የተተወ ምግብ፣ ደረቅም ይሁን እርጥብ፣ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ስለሚስብ ለእብድ ውሻ በሽታ መተላለፍ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ምግቡ በቤት ውስጥ እንዲሰጥ፣ ድመቷም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንድትወስድ ይመከራል።

የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ

ከውጭ በሚገቡ ማሸጊያዎች ላይ በቅድሚያ መታየት ያለበት ምግቡ «ኮምፕሊት» ማለትም የተሟላ መሆኑ ነው። «ኮምፕሊመንታሪ» የሚል ከሆነ ማሟያ ወይም ማጣፈጫ እንጂ ብቻውን ቀለብ አይሆንም። ብዙዎቹ ውድና ማራኪ ትናንሽ እሽጎች ከዚህ ሁለተኛው ወገን ናቸው። ቀጥሎ ለግልገል፣ ለአዋቂ ወይስ ለአረጋዊት ድመት መዘጋጀቱንና የማብቂያ ቀኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የፕሮቲን መጠን ሲነበብ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደረቁ ላይ 32 በመቶ፣ እርጥቡ ላይ 10 በመቶ ተጽፎ ሲገኝ ደረቁ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ይመስላል። ነገር ግን ውኃው ተቀንሶ መሰላት አለበት። እርጥቡ 78 በመቶ ውኃ ከሆነ የቀረው 22 በመቶ ነውና፣ 10 ለ22 ሲካፈል ፕሮቲኑ ከደረቅ ይዘቱ 45 በመቶ ይሆናል። ደረቁ 8 በመቶ ውኃ ካለው 32 ለ92 ተካፍሎ 35 በመቶ ገደማ ይመጣል። በዚህ ምሳሌ ብልጫው የእርጥቡ ነው።

የሥጋ ቤት ትርፍና የማዕድ ፍርፋሪ

በአገራችን አብዛኞቹ ድመቶች የሚመገቡት የፋብሪካ ምግብ ሳይሆን ከማዕድ የተረፈውን፣ ከሥጋ ቤት የሚመጣውን ሳንባና ራሳቸው አድነው የሚያገኙትን አይጥ ነው። አይጥ እያደነች የምትኖር ድመት ከሥጋውም ከአጥንቱም ስለምትመገብ የተሟላ ምግብ ታገኛለች፤ የአይጥ መርዝ በሚደረግበት ቤት ወይም ሰፈር ግን መርዝ የበላችውን አይጥ ስትበላ አብራ ልትመረዝ ትችላለች። ሳንባና ሥጋ ብቻ የሚሰጣት፣ ከቤት የማትወጣ ግልገል በበኩሏ ካልሲየም ስለሚያንሳት አጥንቷ ይሳሳል፤ ከትንሽ ከፍታ ዘልላ እንኳ ልትሰበር ትችላለች። ጉበትም በየቀኑ ሲሰጥ የቫይታሚን ኤ መጠን ከልክ በላይ ስለሚሆን በሳምንት አንዴ በጥቂቱ ቢሰጥ ይበቃል።

ሥጋው መቀቀል አለበት። ጥሬ ሥጋ ሳልሞኔላን ከመሳሰሉ ተሕዋስያን ሌላ የቶክሶፕላዝማ ጥገኛ ሊኖርበት ስለሚችል በተለይ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት አደጋው ይከፋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት የድመቷን መጸዳጃ ማጽዳት ለሌላ ሰው ብትተው፣ መጸዳጃውም በየቀኑ ቢጸዳ፣ ይህ ጥገኛ ከኩስ ወጥቶ በካይ ለመሆን ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈልግ ሥጋቱ ይቀንሳል።

ወጥ የነካው ሥጋ ለድመት አይሆንም፤ ምክንያቱም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ተቀቅለውም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ወተትም አብዛኞቹን አዋቂ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። በጾም ወራት፣ ለምሳሌ በ55 ቀናቱ ዐቢይ ጾም፣ ከማዕድ የሚተርፈው ሽሮና እንጀራ ብቻ በሚሆንበት ቤት ከውጭ የማታድን ድመት ያለ እንስሳት ተዋጽኦ ትቆያለች። የተቀቀለ ዓሣ ወይም ሥጋ ለየብቻ ማዘጋጀት የማይመች ከሆነ፣ የተሟላ ደረቅ ምግብ በመጠኑ ገዝቶ ማቆየት ለዚህ ጊዜ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ምግብ መቀየር ሲያስፈልግ

ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ከ7 እስከ 10 ቀን ሊወስድ ይገባል። በመጀመሪያ ሩብ ያህሉን ከአዲሱ መቀላቀል፣ ከዚያም በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ እየጨመሩ መሄድ ተቅማጥንና እምቢታን ይቀንሳል። ሁለቱን አጣምሮ መስጠትም ይቻላል፤ ጠዋት ደረቅ፣ ማታ እርጥብ ማድረግ የውኃውንም የወጪውንም ጉዳይ ያቻችላል። ይህ ሲሆን ግን ሁለቱም ሙሉ መጠን ሳይሆን ግማሽ ግማሽ መሆን አለባቸው። በዚህ መንገድም እርጥብ መግዛት ለማይችል፣ ደረቁን በለብ ያለ ውኃ አርሶ ማቅረብና ያልተበላውን በጊዜ ማንሳት አማራጭ ነው።

«ሲርባት ትበላለች» ብሎ ድመትን በረሃብ ማስገደድ አደገኛ ነው። ድመት፣ በተለይም ወፍራም የሆነች፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ምንም ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። አዲሱን ምግብ አንድ ሙሉ ቀን ያልነካች ድመት ወደ ቀድሞ ምግቧ ትመለስ፤ ያንንም እምቢ ካለች ሐኪም ይያት። የኩላሊት፣ የስኳር ወይም የሽንት ሕመም ያለባት ድመት ምግቧ ከመቀየሩ አስቀድሞ ሐኪሟ ሊጠየቅ ይገባል፤ በተለይ ኢንሱሊን የምትወስድ ከሆነ የምግቡ መቀየር የመድኃኒቱን መጠን ሊያስለውጥ ይችላል።

ወደ እንስሳት ክሊኒክ የሚሄዱ ባለቤቶች የሚጠቀሙበትን ምግብ ማሸጊያ ወይም የጽሑፉን ፎቶግራፍ፣ በቀን የሚሰጡትን መጠን በግራም፣ እንዲሁም የክትባት ካርዱን ይዘው ቢቀርቡ ምርመራውን ያፋጥናል። ድመቷ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ወይም ካርቶን ውስጥ ሆና ትምጣ።