ከማዳበሪያው ጎን ምን ተቀምጧል?

የበልግ እርሻ ሲቃረብ ከጅቡቲ ወደብ የተጓጓዘው የአፈር ማዳበሪያ ወላይታ ሶዶ ይደርስና በዩኒየንና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ወደየቀበሌው መጋዘን ይገባል። እስኪሰራጭ ድረስም ተከምሮ ይቆያል። በዚህ ወቅት ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት ኩንታል ገባ?» የሚለው ነው። «ከጎኑ ምን ተቀምጧል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ያላነሰ ትኩረት ይሻል።

ወላይታ ከማዳበሪያ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ያቀርብ ነበር። በቅርብ ዓመታት በብዛት ሲሠራባቸው ከቆዩት መካከል ግን ዩሪያና ኤንፒኤስ ይገኛሉ። ዩሪያ 46 በመቶ፣ ኤንፒኤስ ደግሞ 19 በመቶ ናይትሮጂን ይይዛሉ።

ሁለቱም ንጹሕ ሆነው በደረቅ ቦታ ከተቀመጡ አይበላሹም። ዩሪያ የሚቀልጠው በ133 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በመሆኑ የመጋዘን ሙቀት ብቻውን አያፈራርሰውም፤ በራሱም አይቀጣጠልም። ችግር የሚመጣው ባዕድ ነገር ሲቀላቀልበት ነው።

ዓለም ይህን የተማረው በሰው ሕይወት ነው። አሞኒየም ናይትሬት የተባለው ማዳበሪያ ንጹሕ ሲሆን የሚቀልጠው በ170 ዲግሪ ገደማ ነው። ክሎራይድ ያላቸው ጨዎች፣ አሲድ ወይም እንደ መዳብ ያለ ብረት ሲነካው ግን በዝቅተኛ ሙቀት መፈራረስ ይጀምራል። ነዳጅ፣ ሰም ወይም የእንጨት ብናኝ ሲገባበት ደግሞ ወደ ፈንጂነት ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ መርከብ ላይ የነበረው ማዳበሪያ ፍሬው በሰም የተለበጠ፣ ማሸጊያውም ወረቀት ነበር። እሳት ሲነሳ ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ 31 ሰዎች ለሞቱበት ፍንዳታም ፍርድ ቤት የተቀበለው ምክንያት ክሎሪን ያለው ኬሚካል በስህተት ከአሞኒየም ናይትሬት ጋር መቀላቀሉን ነው።

ዩሪያና ኤንፒኤስ አሞኒየም ናይትሬት ስላልሆኑ በዚህ መልክ ይፈነዳሉ ብሎ መሸበር አያስፈልግም። ትምህርቱ ግን ለእኛም መጋዘኖች ይሠራል።

አንደኛው ክሎሪን ነው። የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ወይም በረኪና ከዩሪያ ጋር ሲገናኝ ፈንጂ የሆነ ውህድ ሊፈጠር ይችላል። ሁለቱን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው ኖራና አመድ ነው። የወላይታ መሬት ብዙ ቦታ አሲዳማ በመሆኑ ኖራ ከማዳበሪያ ጋር በአንድ ወቅት መጋዘን ሊገባ ይችላል። ኖራ ከኤንፒኤስ ጋር ከተቀላቀለ፣ በተለይ እርጥበት ካገኘ፣ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ አርሶ አደሩ ገንዘብ የከፈለበት ምግብ አየር ላይ እየጠፋ መሆኑን ይናገራል። ማሳው ሳይለመልም ሲቀር ግን የሚወቀሰው ማዳበሪያው ነው።

ሦስተኛው የማዳበሪያዎቹ የእርስ በርስ መቀላቀል ነው። ዩሪያ ከሌላ ማዳበሪያ ጋር ሲደባለቅ ለብቻው ከሚስበው የበለጠ እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ይረጥባል፣ ከዚያም እንደ ድንጋይ ይጋገራል። በመሆኑም አስቀድሞ ደባልቆ ማቆየት አይመከርም።

አራተኛው ነዳጅና ገለባ ነው። እሳቱን የሚያስነሱት እነዚህ ሲሆኑ፣ ማዳበሪያው ሲሞቅ የሚወጣው አሞኒያና ሌላ መርዛማ ጋዝ ሰው ይጎዳል።

መከላከያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከረጢቱን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አራቅ አድርጎ መደርደር፤ ኖራን፣ ክሎሪንንና ነዳጅን በሌላ ክፍል ማስቀመጥ፤ ሞተር ሳይክል መጋዘን ውስጥ አለማቆም፤ ሲጋራ መከልከል፤ ከወለል የተጠረገውን መልሶ ወደ ከረጢት አለመክተት በቂ ጅምር ነው። ወረዳዎችም ርክክብ ሲፈጽሙ ከኩንታል ቆጠራው ጋር የመጋዘኑን ንጽሕና ቢፈትሹ ችግሩን ከምንጩ ይይዙታል። ከረጢቱን ቤቱ የሚያሳድር አርሶ አደርም ከምድጃና ከአመድ ማራቅ፣ አፉንም አጥብቆ ማሰር ይኖርበታል። ማሳ ላይ የሚደርሰው ማዳበሪያ በመጋዘንና በቤት ሳይበላሽ የተጠበቀው ነውና።