ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት፦ የመዝናኛ ፓርክ መጫወቻዎች በምን ይጠበቃሉ?

ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ጥቂት ወጣ ብሎ በእንሰት ጓሮ ያደገ አንባቢ የመጀመሪያውን የመዝናኛ መሣሪያ ያየው በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ከእንሰት ቃጫ የተገመደ ገመድ፣ መቀመጫ የምትሆን ቁራጭ እንጨትና ከኋላ የሚገፋ ወንድም ወይም እህት ከተገኙ ዥዋዥዌው ተሟልቷል። ታናናሾቹ ከመቀመጣቸው በፊት ታላቅየው ገመዱን ጎተት ጎተት አድርጎ ይሞክረዋል፤ ቅርንጫፉ ላይ የታሰረበትንም ቦታ ቀና ብሎ ያያል። በዓለም ታላላቅ የመዝናኛ ፓርኮች ውስጥ በር ከተዘጋ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩት ባለሙያዎች የሚያከናውኑት ሥራ በመሠረቱ ይኸው ጎተት አድርጎ ማየት ነው። ልዩነቱ እጅና ዓይን የማይደርሱበትን ማወቅ የሚጠበቅባቸው መሆኑ ነው።

ለመሆኑ ታላቅየው ገመዱን ምን ያህል መጎተት ነበረበት? 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ገመዱ የሚሸከመው 40 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሲወዛወዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። የገመዱ ርዝመት 4 ሜትር ይሁን፤ ልጁም ከቀጥታው መስመር 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይለቀቅ። በዚህ ጊዜ ከዝቅተኛው ቦታ በላይ 2 ሜትር ከፍታ አለው። ወደ ታች ሲመለስ የከፍታው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ይለወጥና በዝቅተኛው ቦታ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.3 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ገመዱ ክብደቱን ከመሸከም በተጨማሪ ልጁን ከቀጥታ መንገዱ ወደ ክብ መንገድ ማጠፍ ስላለበት፣ በዚያች ቅጽበት የሚያርፍበት ውጥረት የ80 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይሆናል፤ ማለትም እጥፍ ነው። ልጁ ገመዱ አግድም እስኪሆን ድረስ ተነሥቶ ቢለቀቅ ደግሞ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። የሚያስገርመው፣ በሁለቱም ስሌቶች የገመዱ ርዝመት ከመልሱ ውስጥ ይጠፋል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በግማሽ ገጽ ሊያረጋግጠው ይችላል።

አሁን ከዛፉ ወደ ተራራው እንውጣ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከፈረስ ግልቢያውና ከእግር መንገዶቹ ጋር ዚፕላይንም አለው። ዚፕላይን በሁለት ቦታዎች መካከል በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ፣ ሰው በካሩኮላ ተንጠልጥሎ በራሱ ክብደት የሚንሸራተትበት መጫወቻ ነው። ብዙ ሰው ገመዱ ይበልጥ በተወጠረ ቁጥር ይበልጥ አስተማማኝ የሚሆን ይመስለዋል። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። የልብስ ማስጫ ገመድ በጣም አወጣጥሮ እርጥብ ጋቢ የሰቀለ ሰው ምሰሶው ሲዘም አይቶ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል 200 ሜትር ርዝመት ያለው መስመር እንውሰድ፤ ስሌቱ እንዲቀል የገመዱን የራሱን ክብደት እንተውና ሁለቱንም ጫፎች እኩል ከፍታ ላይ እናድርጋቸው። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው መካከል ላይ ሲደርስ ገመዱ 10 ሜትር የሚረግብ ከሆነ፣ ውጥረቱ የ400 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። ርግበቱን ወደ 5 ሜትር ብናሳንሰው ግን ውጥረቱ 800 ይደርሳል። ሰውዬው አንድ ኪሎ እንኳ ሳይጨምር በገመዱና በመልሕቆቹ ላይ የሚያርፈው ጭነት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የዚፕላይን ባለሙያ በየጊዜው ከሚለካቸው ነገሮች አንዱ ይህ ርግበት ነው። ብረት በብርድ እንደሚኮማተርም አንርሳ። ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቀንስ 200 ሜትር ብረት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ጫፎቹ ከቦታቸው ካልተነቃነቁ የገመዱ መካከል ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ በሚደርስ ተራራ ላይ የሌሊቱ ብርድና የቀትሩ ፀሐይ በየዕለቱ ገመዱን ሲያጠብቁና ሲያላሉ ይውላሉ ያድራሉ።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ግን አንድ ከባድ ጭነት ሳይሆን ሺህ ጊዜ የሚደጋገም ቀላል ጭነት ነው። ቀጭን ሽቦ በእጃችን መበጠስ አንችልም፤ ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ካጠፍነው ግን በቀላሉ ይሰበራል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የባቡር አክስሎች ያለ በቂ ምክንያት የሚሰበሩ መስለው ሲታዩ፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በተከታታይ ሙከራ ምስጢሩን አሳየ። ብረት አንድ ጊዜ በሚገባ የሚሸከመው ጭነት ብዙ ጊዜ ሲፈራረቅበት ይሰብረዋል። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል። ስንጥቁ የሚጀምረው ለዓይን በማይታይ መጠን ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ብየዳ፣ ቀዳዳ ወይም የጠርዝ ማዕዘን ባለበት ቦታ ነው። በዚህም ምክንያት የመጫወቻ ክፍሎች የአገልግሎት ዘመን የሚቆጠረው በዓመታት ብቻ ሳይሆን በዙር ብዛትም ነው። ገና አዲስ የሚመስል ገመድ ወይም አክስል አውልቆ የሚጥል ባለሙያ አባካኝ አይደለም።

ከቀለም ሥር ያለውን አለማወቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ዓለም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ዐውደ ርዕይ ላይ አይቶታል። ፋየር ቦል የተባለውና ሰዎችን እያወዛወዘ የሚያሽከረክረው መጫወቻ በሥራ ላይ እያለ አንዱ የመቀመጫ ረድፍ ተገንጥሎ ወደቀ። አንድ ወጣት ወዲያው ሲሞት ሰባት ሰዎች ቆሰሉ። መጫወቻው ከመከፈቱ በፊት በመርማሪዎች ታይቶ ፈቃድ ያገኘ ነበር። አምራቹ ድርጅት በኋላ እንደገለጸው ምክንያቱ መቀመጫዎቹን በያዘው ምሰሶ ውስጠኛ ክፍል የተስፋፋ ዝገት ነበር፤ ዝገቱ ባለፉት ዓመታት የብረቱን ውፍረት አሳስቶታል። ውጭው ቀለም ተቀብቷል፤ ያረጀው ውስጡ ነው። የብረቱን ውፍረት ከውጭ ሆኖ የሚለካ መሣሪያ ግን አለ። ጆሮ የማይሰማውን ከፍተኛ የድምፅ ሞገድ ወደ ብረቱ ይልክና ከወዲያኛው ገጽ ተንፀባርቆ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል። ሐኪሞች የፅንስ ምስል የሚያነሱበት አልትራሳውንድ በዚሁ መርሕ ይሠራል።

የሮለር ኮስተር ሠራተኞች ሌሊት ምን ያደርጋሉ? በመጀመሪያ የኃይል ማብሪያውን አጥፍተው በጓጉንቸር ይቆልፉታል፤ ቁልፉንም ሐዲዱ ላይ የሚወጣው ሰው በኪሱ ይይዛል። ቀጥሎ የሐዲዱን መገጣጠሚያዎች በእግራቸው እየሄዱ ይመለከታሉ። ብልሃታቸው አንዳንዴ ቀላል ነው። ቡሎኑ በትክክለኛው ጥብቀት ከታሰረ በኋላ ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ አንድ የቀለም መስመር ይሰመርበታል፤ ዳዶው ጥቂት እንኳ ከላላ መስመሩ ይሰበርና ከሩቅ ይታያል። መንኮራኩሮቹና ኩሽኔታዎቹ ይፈተሻሉ። መንኮራኩሮቹ ከሐዲዱ በላይ ብቻ ሳይሆኑ ከጎኑና ከሥሩም አሉ። ከሥር የሚይዘውን መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1919 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው አሜሪካዊው ጆን ሚለር ነው፤ ሠረገላው ጉብታ ሲያልፍ ከሐዲዱ እንዳይነሣ ያደረገው እርሱ ነው። ንጋት ላይ ሠረገላው ባዶውን፣ አንዳንዴም የሰው ክብደት ያለው አሸዋ ወይም ውኃ ተጭኖበት ይዞራል።

የእድሳትን ጉዳይ ካነሣን ከሁሉ ይልቅ ቀልቤን የሚስበው የፍሬን ታሪክ ነው። የቀድሞው ፍሬን በሰበቃ ይሠራ ስለነበር ያልቃል፤ ዝናብም ያንሸራትተዋል። ብዙ ፓርኮች ዛሬ የሚጠቀሙት በማግኔት ነው። በሠረገላው ሥር ያለ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቅጠል በጠንካራ ማግኔቶች መካከል ሲያልፍ በውስጡ የኮረንቲ አዙሪት ይፈጠራል፤ የሌንዝ ሕግ እንደሚያስተምረን ይህ ኮረንቲ የፈጠረውን እንቅስቃሴ ይቃወማል። ምንም ነገር ምንም ነገር አይነካም። የመብራት ኃይል ቢቋረጥም ፍሬኑ አይጠፋም፤ ማግኔቱ ከመስመሩ የሚቀበለው ነገር የለምና። ጉድለቱ አንድ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ተቃውሞውም ስለሚቀንስ ሠረገላውን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያቆመውም። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ሌላ ፍሬን አብሮት ይገጠማል። ይህም ፍሬን ሰው ሲያዘው የሚይዝ ሳይሆን ሰው ሲያዘው ብቻ የሚለቅ ሆኖ ይሠራል።

በጉራጌ ከተሞች እንዲህ ያለ መጫወቻ ቢተከል መሐንዲሱ የመጀመሪያ ጥያቄውን ስለ ክረምቱ ማንሣቱ አይቀርም። በክረምት ዝናብ ወራት ውኃ የሚቋጥር ባዶ ቱቦ ሁሉ የዝገት ጎተራ ነው፤ በምሰሶው ግርጌ የምትተው ትንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ከቀለሙ ይልቅ ዕድሜ ልታራዝም ትችላለች።

በጉብሬ በሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ግቢም ሆነ በየትኛውም ትምህርት ቤት ሊሞከር የሚችል ሥራ እናቅርብ። እኩል ውፍረትና ርዝመት ያላቸውን አሥር የቃጫ ክሮች ምረጡ። አምስቱን እንዳሉ በምንጭ ሚዛን እየጎተታችሁ የሚበጠሱበትን ጭነት መዝግቡ። የቀሩትን አምስቱን በእርሳስ ላይ መቶ መቶ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አጥፋችሁ በዚያው ሚዛን ጎትቷቸው። ከዚያም ከመጎተታችሁ በፊት የታጠፉትን ካልታጠፉት በዓይን መለየት ይችል እንደሆነ አንድ ባልንጀራችሁን ጠይቁት።