የጥርስ ሕክምና ክፍል ሲገቡ ዙሪያዎን ይቃኙ

ወሩ መጋቢት ነው እንበል። ጋምቤላ ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተጠግቷል፤ የባሮ ዳርቻ ጥላ እንኳ አያበርድም። እርስዎ ደግሞ ሌሊቱን ያላስተኛዎትን የመንጋጋ ጥርስ ይዘው ወደ ሕክምና ክፍል ሊገቡ ነው። እዚያ ምን ቢጠብቅዎት ይመርጣሉ?

የግብይት ባለሙያ ነኝና አንድ ምስጢር ላካፍልዎ። ማስታወቂያ የሚያሳየው የሚያብረቀርቀውን ወንበር ነው። ክፍሉን ዘመናዊ የሚያደርጉት ግን ብዙ ጊዜ ዓይን ውስጥ የማይገቡት ነገሮች ናቸው።

ቀዳሚው ንጽህና ነው። መሣሪያዎች በእንፋሎት በሚያመክነው አውቶክሌቭ፣ በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መቆየት አለባቸው። ከታሸገ ከረጢት ሲወጡ ለማየት ይጠይቁ፤ አይፈሩ።

ቀጥሎ አቀማመጥ ነው። ቀድሞ ሐኪሙ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ኋላ የሚዘረጋው ወንበር ሲመጣ ሐኪሙም ተቀመጠ። መሣሪያው በእጁ ርቀት፣ ረዳቱ ከጎኑ ሲሆኑ ወገቡና አንገቱ ያርፋሉ። ያልደከመ እጅ ደግሞ ለእርስዎ ይጠቅማል። ወንበሩ ዝቅ የሚል ከሆነ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮችም ሳይቸገሩ ይቀመጣሉ።

ዲጂታል ራጅ ምስሉን በሰከንዶች ውስጥ ስክሪን ላይ ያወጣል፤ ጨረሩም ከፊልሙ ያነሰ ነው። ኑዌርኛ፣ አኙዋክኛና አማርኛ በሚነገርባት ከተማ ሥዕሉ ራሱ አስተርጓሚ ነው፤ የተበላውን ጥርስ በዓይንዎ ያዩታል። ካስፈለገም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ላለ ስፔሻሊስት ይላካል።

በጋምቤላ ግን ሙቀቱም መልስ ይሻል። ብዙዎቹ የማደንዘዣ መድኃኒቶች ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለባቸው፤ የጥርስ ልክ መውሰጃውም በሙቀት ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ለመቦርቦሪያው አየር የሚሰጠው ኮምፕረሰር ከክፍሉ ውጭ ሲቀመጥ ሙቀቱም ጩኸቱም ይቀንሳል፤ ልጅዎም ብዙ አይደነግጥም። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋስ? መጠባበቂያ ጄነሬተር መኖሩን ይጠይቁ።

ብዙዎቻችን «ካመመ ይነቀል» ብለን አድገናል። ነገር ግን ማስነቀል የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በጊዜ የታየ ጥርስ ብዙ ጊዜ ይድናል። እንግዲህ ሕመሙ እንቅልፍ እስኪነሳዎት አይጠብቁ፤ በሩን ያንኳኩ፣ ዙሪያዎን ይቃኙ፣ ይጠይቁ።