ከኮሮጆ እስከ ወንበር፤ የክልል መንግሥት እንዴት ይቆማል?

ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው በሚያጥለቀልቁት፣ ከወረታ ወደ ጣና በተዘረጋው በፎገራ ሜዳ የሚኖር ገበሬ፣ የሩዝ ማሳው እጁን በሚጠብቅበት ወራት፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከምርጫ ጣቢያ ሲደርስ ሁለት ወረቀት ተቀብሎ ነበር፤ አንዲቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛይቱ ባሕር ዳር ለሚሰበሰበው ለአማራ ክልል ምክር ቤት እንደራሴ የሚመረጥባት ናት። የፊተኛይቱ ነገር በየጊዜው ብዙ ስለ ተባለለት፣ እዚህ ከአንባቢ ጋር የምናስተዋውቀው የሁለተኛይቱን መንገድ ነው።

ሥርዓቱ በቀላል ነገር ይጀምራል። የመራጩ ስም ከመዝገብ ይፈለጋል፤ ዳግመኛ እንዳይመርጥ ጣቱ ቶሎ በማይለቅ ቀለም ይነካል፤ ከዚያም ወደ መከለያው ብቻውን ይገባና፣ ፊደል ያልቈጠረ ቢሆን እንኳ፣ በ1997 ዓ.ም. ኢሕአዴግን በንብ፣ በ2013 ዓ.ም. ብልጽግናን በአምፖል እንደ ለየ ሁሉ፣ በሥዕሉ ተመርቶ ከወደደው ዕጩ አንጻር የኤክስ ምልክት ያኖራል ወይም አሻራውን ያሳርፋል። በሰበካ ጉባኤ ምርጫ ላይ በጎረቤት ፊት እጁን ማውጣት ለለመደ ምእመን፣ እንግዳ የሚሆንበት መምረጡ ሳይሆን በስውር መምረጡ ይመስለኛል። ኮሮጆው በታዛቢዎች ፊት ተከፍቶ ከተቈጠረ በኋላ ውጤቱ በዚያው በጣቢያው ይለጠፋል፤ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብልጫ ያገኘውም፣ ከመራጩ እኩሌታ ያነሰ ድምፅ ቢኖረው እንኳ፣ ያልፋል።

ይሁን እንጂ የፎገራው ሰው የመረጠው እንደራሴ እንጂ ገዥ አይደለም። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን፣ አባላቱ ቃለ መሐላ ፈጽመው አፈ ጉባኤ ከሰየሙ በኋላ፣ አብላጫው ወገን ከመካከሉ ያቀረበውን ሰው ርእሰ መስተዳድር አድርገው ይሾማሉ፤ ተሿሚውም የካቢኔ አባላቱን አቅርቦ በምክር ቤቱ ያስጸድቃል። ከዚህም የተነሣ ወንበሩ ያለ ኮሮጆ ባለቤት ሊለውጥ ይችላል። አቶ ገዱ አንዳርጋቸው በ2011 ዓ.ም. ይህን ወንበር ከለቀቁ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ 15 ቀን የተገደሉት ዶክተር አምባቸው መኰንን፣ ቀጥሎም አቶ ተመስገን ጥሩነህ፣ አቶ አገኘሁ ተሻገር፣ ዶክተር ይልቃል ከፋለና አቶ አረጋ ከበደ ተከታትለው ተሹመዋል፤ አምስት ርእሳነ መስተዳድር አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ! ከነዚህም መካከል ከምርጫ በኋላ በተመሠረተ አዲስ ምክር ቤት የተሾሙት፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ዶክተር ይልቃል ብቻ ናቸው።

ኮሮጆው ራሱ ባለሥልጣኑን ሊለውጥ ሲል የሆነውን ማየት የሚሻ ወደ አዲስ አበባ ይመልከት። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ፣ በአማራ ክልል አብላጫው ከኢሕአዴግ አባል ድርጅት ከብአዴን እጅ ሳይወጣ፣ በዋና ከተማይቱ ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። እንዲህ ያለ ድል ለአሸናፊው ጥርጥር የማይተው ቢሆንም፣ የድምፅ አሰጣጡን ጥቃቅን ሁሉ የደነገገው ሕግ፣ ተሸናፊው ለአሸናፊው ቍልፉን በሚያስረክብበት ሰዓት ያለውን ጥርጣሬና ቂም ሊያስታርቅ አልቻለም፤ በአገር አቀፉ ውጤት ላይ የተነሣው ክርክር ሳይበርድ ቅንጅት አስተዳደሩን ሳይረከብ ቀረ፤ ለከንቲባነት የታጩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋና ሌሎች መሪዎችም በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ታሰሩ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ከተማይቱ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ ለሚመራ ባለ አደራ አስተዳደር ተሰጠች፤ ነዋሪው ለከተማው ምክር ቤት ዳግመኛ ድምፅ የሰጠውም በ2000 ዓ.ም. ነው።